ቦይለሯ ዝም ያለች ጊዜ

እኔ «መከራ ሰው ያደርጋል» ከሚሉት ወገን ነኝ። ባሌ ደግሞ አንቺን መከራ ያደረገሽ ሰው ሳይሆን ድምፅ ማጉያ ነው ይላል። ጡረታ የወጣ የከባድ መኪና ሹፌር ስለሆነ ስለ ጩኸት ሲናገር የባለሙያ አስተያየት ነው። ዕድሜውን ሙሉ ከሞተር ጋር ኖሮ ያልታመመ ጆሮው እኔ ከተሾምኩ ወዲህ ጥጥ መፈለግ ጀምሯል።

የተሾምኩት ላውንደሪ ውስጥ ነው፣ የሴቶቹ አለቃ ሆኜ። አንድ ትልቅ ሆቴል አንሶላውን፣ ፎጣውንና የጠረጴዛ ልብሱን በጆንያ ይልክልናል፤ እኛ አጥበን፣ አድርቀን፣ ተኩሰንና አጣጥፈን እንመልሳለን። ማጠቢያው ክፍል ውስጥ ማሽኖቹ ወለሉን ያንቀጠቅጡታል። በጠባቡ ኮሪዶር ሲታለፍ መተኮሻው ክፍል አለ፤ እዚያ ግድግዳው ከእንፋሎቱ ብዛት ያልበዋል፣ ቀለሙም እንደ ተቀቀለ ድንች ይላጣል። ከጀርባ ውኃ እያፈላ እንፋሎት የሚሰጠን ቦይለር ቀኑን ሙሉ ያፏጫል። ሴቶቹ እኔንም «ቦይለሯ» ነው የሚሉኝ፣ ያው ከጀርባዬ። «ቦይለሯ ፈልታለች» ከተባለ እየመጣሁ ነው ማለት ነው። መጀመሪያ ስሰማው ተናድጄ ነበር፤ በኋላ ሳስበው ግን ቦይለር ከሌለ ላውንደሪ የለምና እንደ ሙገሳ ወሰድኩት። ሙገሳ ሲቸግረኝ ሩቅ አልሄድም።

እዚህ የደረስኩት በመከራ ነው። ልጅ ሆኜ አባቴ ሞተና ሰው ቤት ልብስ አጣቢ ሆንኩ። አሠሪዬ እድፍ ካየች ልብሱን ፊቴ ላይ ወርውራ እንደገና ታሳጥበኝ ነበር፤ በረኪናው ጣቶቼን ሰነጣጥቋቸው እጄን መጨበጥ ያቅተኝ ነበር። ይህ እውነት ነው። ችግሩ ታሪኩን ለሴቶቹ በተረክሁ ቁጥር ትንሽ ትንሽ መጨመሬ ነው። መጀመሪያ ሲነገር ጎርፍ አልነበረውም። ቆይቶ ልብሱን ከጎርፍ አፍ ያወጣሁበት ቦታ ተጨመረ፣ ቀጥሎ ደግሞ ውሻ ገባበት። አንድ ቀን ውሻውን ብረሳው ፎጣ የምታጥፈው ሴት፣ አጣፊዋ፣ «እትዬ፣ ውሻውስ?» አለችኝ። በአክብሮት ነው የጠየቀችኝ፤ ቢያንስ ያኔ እንደዚያ መስሎኝ ነበር።

ታሪኩን የምተርክበት ሥርዓት ነበረኝ። አንዷ ዕቃ ካበላሸች፣ ማለትም ካቃጠለች፣ ከቀደደች ወይም ነጩን ከባለቀለም ጋር አጥባ ካዥጎረጎረች፣ የተበላሸውን በሁለት እጇ ከፍ አድርጋ መተኮሻ ጠረጴዛው ፊት ትቆማለች። ሌሎቹ ሥራ አቁመው ይሰበሰባሉ። እኔ ከአባቴ ሞት ጀምሬ እስከ ውሻው እተርካለሁ። እስክጨርስ ድረስ እጇን አታወርድም። ይህን «ትምህርት» እለው ነበር። እኔን መዋረድ ጠንካራ አድርጎ ለአለቅነት ካበቃኝ እነሱንም ያበቃቸዋል የሚል ስሌት ነበረኝ። ሁላችንም አለቃ ከሆንን አንሶላውን ማን እንደሚያጥብ አላሰብኩበትም።

ሥርዓቱ ደግሞ ሠራ። ቀስ በቀስ የሚያበላሽ ጠፋ። ወራት ሲያልፉ አንድም የተቃጠለ ነገር አላየሁም። የላውንደሪው ባለቤት፣ ጋሼ የምንላቸው ሽማግሌ፣ ባዩኝ ቁጥር «ሰው አድርጌያቸዋለሁ» እያልኩ አደክማቸው ነበር።

በዚያው ሰሞን የመተኮሻው ክፍል ኮርኒስ ሆዱ ማበጥ ጀመረ። ጣሪያው እያፈሰሰ ነው ብዬ ፈረድኩና ከሥሩ ባልዲ አስቀመጥኩ። በማግስቱ ባልዲው ውስጥ ትንሽ ውኃ ተገኘ። «አላልኩም?» ብዬ ጮህኩ። ዝናብ ከጠፋ መክረሙን ያስታወሰኝ ሰው አልነበረም፤ ቢያስታውሰኝም እጮህበት ነበር።

ነገር የመጣው ከሆቴሉ ነው። ዕቃ ግምጃ ቤቱን አዲስ ሰው ተረከበና የላከውን ከተመለሰለት ጋር ማስተያየት ጀመረ። አንሶላ ይጎድላል፣ የጠረጴዛ ልብስ ይጎድላል። ከእሱ በፊት የነበረው ሰውዬ አይቶ የማያይ ደግ ሰው ነበር። አዲሱ ግን መጥቼ ቤታችሁን አያለሁ፣ ውሉን የማደስና ያለማደሱን ነገር ከዚያ በኋላ እንነጋገራለን አለ። ጋሼ ጠርተው ቁርጡን ነገሩኝ። ሆቴሉ ከሄደ ማጠቢያውን ዘግተው ከፊት ለፊት ያለችውን የኮትና የሱሪ መቀበያ ብቻ ይዘው ይቀጥላሉ፤ ለእሷ ደግሞ እኔና አንዲት ሴት እንበቃለን። የቀሩት ወደየቤታቸው። የስንት ሰው ጉሮሮ በዚያ ሆቴል አንሶላ ላይ እንደተንጠለጠለ አውቅ ነበር። ተኳሿ ለምሳሌ እናቷንና ልጆቿን የምታኖረው ብቻዋን ነው። እውነቱን ለመናገር ፈራሁ፣ ለእነሱ ፈራሁ።

ስፈራ ምን እንደማደርግ መቼም ገብቷችኋል። ጮህኩ። ወለል ሲፈገፈግ ጮህኩ፣ ማሽን ሲወለወል ጮህኩ፣ የጎደለው ዕቃ የት ገባ እያልኩ ባዶ ጆንያ ውስጥ ሳይቀር አንገቴን አስገብቼ ጮህኩ። ሌባ እንደሌለን አውቃለሁ፤ በር ላይ ቆሞ ቦርሳ የሚፈትሸውን ዘበኛ ያስቀጠርኩት እኔው ነኝ፣ በዚያ በር መርፌ አይወጣም። ከዚያ አንድ ጠዋት ባሌን «ቁርስ ቀርቧል» ልለው አፌን ብከፍት እንደ ተበሳ ጎማ ፍስስ የሚል ነገር ብቻ ወጣ።

ሐኪሟ በዕድሜ ልጄ የምትሆን ነበረች። ጉሮሮዬን በመብራት አየችና «እማማ፣ ሥራዎ ምንድን ነው?» አለችኝ። ከጉሮሮዬ ይልቅ ያመመኝ እማማ መባሌ ነው፤ መልስ መስጠት ግን አልቻልኩም። ባሌ «አለቃ ናት» ብሎ መለሰልኝ፤ ሐኪሟም ሌላ ማብራሪያ ያስፈለጋት አልመሰለኝም። የድምፅ አውታሮቼ አብጠው ቆስለዋል። እስከሚቀጥለው ቀጠሮ አንድም ቃል እንዳልተነፍስ፣ ማንሾካሾክ እንኳ እንደማይፈቀድልኝ፣ ከተናገርኩ ግን ድምፄ እንዲያው ላይመለስ እንደሚችል ነገረችን። ባሌ በጥሞና ሰማት። ፊቱ ላይ ሐዘን እንዲታይ ያደረገውን ጥረት እስከዛሬ አልረሳውም።

ቤት እንደገባን ሬዲዮኑን ከፈተና ዜናውን ከተጋባን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ እስከ መጨረሻው ሰማሁት አለኝ። ቆይቶ ግን ቁም ነገረኛ ሆነ። ለሴቶቹ ታምሜያለሁ በያቸው፣ ወረቀት ላይ ጻፊላቸው፣ ሰው አይደሉም እንዴ፣ ይረዱሻል አለኝ። በእጄ እምቢ አልኩት። «ዝምታ ወርቅ ነው» ባለኝ ቁጥር «ዝምታ ለበግም አልበጃት፣ አሥራ ሁለት ሆና አንድ ነብር ፈጃት» እያልኩ የኖርኩ ሴት ነኝ። አለቃ ድካሙን አያሳይም፤ ይህንንም የተማርኩት ከዚያች ልብስ ፊቴ ላይ ከምትወረውረው አሠሪዬ ነው፣ እሷ ስትታመም እንኳ ተኝታ ትጮህ ነበር። ለጋሼ ብቻ ጉሮሮዬን እንዳመመኝ ጻፍኩላቸው። ለሴቶቹ ምንም ሳልል ሥራ ገባሁ።

ዝምታዬ ከጩኸቴ የባሰ እንደሚያስፈራ አላወቅኩም ነበር። መተኮሻው ክፍል መሐል ቆሜ ዞር ዞር ብዬ አየሁ። ተኳሿ ካውያዋን አነሳች፣ አስቀመጠች፣ መልሳ አነሳች። አጣፊዋ አንዱኑ ፎጣ ታጥፈዋለች፣ ትዘረጋዋለች። በማጠቢያው ክፍል የምትሠራው ማሽነኛዋ በበሩ ብቅ ብላ አየችኝና ተመለሰች። ሁልጊዜ የምትጮህ ሴት በድንገት ዝም ስትል ሰው የሚያስበው አንድ ነገር ነው፤ በቃ፣ ሁሉንም ደርሳበታለች።

መጀመሪያ የመጣችው ተኳሿ ናት። ረጋ ያለች፣ ቀጠን ያለች፣ በዕድሜ ከእኔ ብዙ የማታንስ ሴት ናት። አጠገቤ ቆማ መሬት መሬት እያየች፣ ያን ጥልፍ ያለበትን የጠረጴዛ ልብስ ያቃጠለችው እሷ እንደሆነች፣ እኔም እንደማውቅ፣ ግን ከሌላ ከምሰማው ራሷ ልትነግረኝ እንደፈለገች ተናገረች። እኔ ስለ ምን የጠረጴዛ ልብስ እንደምታወራ እንኳ አላውቅም። ልጮህ አፌን ከፈትኩ፣ ሐኪሟ ትዝ አለችኝ፣ ዘጋሁት። አፌን መዝጋቴ ቀጥዪ ማለት መስሏት ተኳሿ ቀጠለች። በዚያን ቀን እናቷ ወድቃ ሐኪም ቤት ጥላት እንደመጣች፣ እያለቀሰች ስትተኩስ ጨርቁ ሲጨስ እንዳላየችው ነገረችኝ። ስንት ዓመት ጎን ለጎን ስንሠራ እናቷ መውደቋን አልሰማሁም ነበር። ለመስማት የሚያስፈልገኝ ለጥቂት ጊዜ አፌን መዝጋት ብቻ ኖሯል።

ከዚያ በኋላ ወረፋ ሆነ። እንደኔ ያለ ንስሐ አባት በምድር ላይ የለም፤ አይጠይቅ፣ አይቆጣ፣ አያቋርጥ። አጣፊዋ መጋረጃ በሚስማር ቀድዳ ነበር። ማሽነኛዋ የአንዱ እንግዳ ቀይ ካልሲ አንሶላ ውስጥ ተጠቅልሎ ሳታየው ሙሉ ማሽን ነጭ አንሶላ ሮዝ አድርጋ አውጥታ ነበር። «ግን እትዬ፣ አንድ ዓይነት ሮዝ ነው የወጣው» አለችኝ፣ ይህ እንደ ማቅለያ ይያዝልኝ በሚል ድምፅ። ሁሉም ተናግረው ሲጨርሱ ቀና ብለው ወደ ላይ ያያሉ። ፈጣሪን ለምስክርነት የሚጠሩ መስሎኝ እኔም አብሬያቸው ቀና እል ነበር። ዕቃው የት እንደገባ ግን አንዷም አልነገረችኝም፣ የማውቅ መስሏቸዋል። ወረቀት ላይ ጽፌ መጠየቅ እችል ነበር። ነገር ግን ሁሉን ደርሳበታለች ተብላ የምትፈራ ሴት «የት ነው ያለው?» ብላ ትጽፋለች? ኩራቴ አልፈቀደልኝም።

የዚያን ቀን ቤት ገብቼ ከባሌና ከሬዲዮኑ ጋር ተቀመጥኩ። መናገር ያልቻለ ሰው ማሰብ ይጀምራል፤ ለዚህ ነው ብዙ ጊዜ የምንናገረው። ያቺን አሠሪዬን አሰብኳት። እሷ ጋ በኖርኩበት ዘመን ሁሉ አንድ ቀን እንኳ እውነት ነግሬያት አላውቅም። የተጠየቅሁትን ሁሉ «እሺ እትዬ» እያልኩ እምላለሁ፣ ዞር ስትል የፈለግሁትን አደርጋለሁ። መከራ ጥንካሬ ያስተማረኝ መስሎኝ ነበር የኖርኩት። ያን ቀን ቁጭ ብዬ ሳየው ያስተማረኝ አሠሪዬን መምሰል ነው። አፈርኩ። የማፍረው ደግሞ በዝምታ ስለሆነ እንደ ልማዴ በጩኸት ልሸፍነው አልቻልኩም።

የሆቴሉ ሰው የመጣው በዚያው ሳምንት ነው። ረጅም፣ ግራጫ ሱፍ የለበሰ፣ የማይስቅ ሰው ነው። መነጽሩ መተኮሻው ክፍል ሲገባ በእንፋሎት ተሸፈነና አውልቆ ይጠርግ ጀመር። ጋሼ ስለ ንጽሕናችን ያወራሉ፣ እኔ በክብር ራሴን ዝቅ ከፍ አደርጋለሁ። ሴቶቹ ግድግዳውን ተደግፈው ተሰልፈዋል። ሰውየው መነጽሩን መልሶ ሲያደርግ ዓይኑ ኮርኒሱ ላይ አረፈ። ይህ ምንድን ነው አለ። ጋሼ ጣሪያው ያፈሳል፣ ይሠራል፣ አናጺ ተጠርቷል አሉ። ሰውየው ባልዲውን አየና ጥግ የቆመውን መጥረጊያ አንስቶ በእንጨቱ ጫፍ ኮርኒሱን ነካ አደረገው። ሴቶቹ ሁሉም በአንድ ጊዜ ወደ ኋላ አንድ እርምጃ ሲሄዱ አየኋቸው። ምን ሆነው ነው ብዬ ሳልጨርስ ኮርኒሱ ተሰነጠቀ።

ያልወረደ ነገር የለም። የተቃጠለ የጠረጴዛ ልብስ ወረደ፣ የተቀደደ መጋረጃ ወረደ፣ ፎጣ ወረደ፣ ከወራት አቧራ ጋር ተጣጥፎ የተቀመጠ ሮዝ አንሶላ ክምሩ በሙሉ ወረደ። መደበቂያ ስታጡ እንኳ አጣጥፋችሁ ነው የምትደብቁት? አጣፊዋን በልቤ አደነቅኳት። አንደኛው አንሶላ ተዘርግቶ የሆቴሉ ሰው ራስ ላይ አረፈና እስከ ጉልበቱ ሸፈነው። እውነት ለመናገር ሮዝ ይስማማዋል። በበሩ መርፌ አይወጣም ብዬ ስፎክር፣ በበር ማውጣት ያልቻሉትን ወደ ላይ ሰቅለውት ኖሯል። የዘረፈን የለም፤ ከእኔ የሸሸ ጨርቅ ብቻ ነው።

ሰውየው አንሶላውን ከራሱ ላይ ሳበና፣ እንግዲህ ሌብነቱ ተገኘ አለ። ጋሼ ፊታቸው አመድ መሰለ። ዕቃችሁ ይኸው እንዳለ አለ፣ ያጠፉትን አስወጣለሁ ብለው ለመኑት። ሰውየው አቧራውን ከትከሻው አራገፈ። ይህን ያደረጉት ዛሬውኑ ከወጡ ሥራው ሊቀጥል እንደሚችል ተናገረ። ጋሼ ወደኔ ዞሩ።

«አንቺ ታውቂያቸዋለሽ። ጠቁሚኝና እነሱ ይሂዱ፣ የቀሩት ይተርፋሉ።»

አውቃቸዋለሁ። ያጠፉት በየተራ መጥተው ነግረውኛል። ለዚህ ደግሞ ድምፅ አያስፈልገኝም፣ አንድ ጣት ይበቃኛል። ጀግና ነኝ ብዬ ልዋሻችሁ እችል ነበር፤ ጎርፍና ውሻ የፈጠርኩ ሴት ይህ አያቅተኝም። ግን እጄ ተነስቶ ነበር። ወገቤ ድረስ ደርሶ ነበር። የጥቂቶቹ መሄድ የሌሎቹን ጉሮሮ ያድናል፣ አለቅነት ማለት ይኸው ነው፣ ጨክኖ መቁረጥ ነው እያልኩ ለራሴ እየተረክሁለት ነበር። ያን ጊዜ ተኳሿ ሽርጧን መፍታት ጀመረች። እስክጠቁማት አልጠበቀችም። እናቷን የምታበላበት ሥራ ነው፤ ቋጠሮውን ከኋላ ፈታችና ሽርጡን አጥፋ ካውያው አጠገብ አስቀመጠችው። ቀጥላ አጣፊዋ ፈታች። ቀጥላ ማሽነኛዋ። ከዚያ ምንም ያልነገሩኝ ሁሉ ፈቱ። አንዷ እንኳ በሌላዋ አላሳበበችም። ጠንካራ ሴቶች አደርጋቸዋለሁ ስል ጠንካራ ሴቶች ኖረዋል። የጠነከሩት ግን እኔን ለመቻል ነው።

አለቀስኩ። ከዚያ አፌን ከፈትኩ።

«ሽርጥሽን እሰሪው» አልኳት ተኳሿን። የወጣው ድምፅ ዘይት ያጣ የበር ማጠፊያ ይመስላል። ሴቶቹ ደነገጡ፤ መታመሜን ያወቁት ያኔ ነው። ወደ ሆቴሉ ሰው ዞሬ የሕይወቴን ትልቁን ንግግር ጀመርኩ። ሌባ የለም፣ ጥፋቱ የእኔ ነው፣ የሚባረር ካለ ከእኔ ይጀመር አልኩ። በሐሳቤ ውስጥ ክፍሉ ሁሉ ፀጥ ብሎ ይሰማኝ ነበር። በተግባር ግን ቦይለሩ እያፏጨ ሰውየው እጁን ወደ ጆሮው አስጠግቶ «ይቅርታ፣ አልሰማሁዎትም» አለ። ደገምኩት። ጉሮሮዬ ውስጥ አንድ ነገር ሲበጠስ ተሰማኝ፣ ምላሴ ላይ የደም ጣዕም መጣ። አሁንም አልሰማም። ዕድሜዬን ሙሉ ማንም ሳይለምነኝ ስጮህ ኖሬ፣ ድምፄ ለቁም ነገር የተፈለገ ቀን አጣሁት።

ያዳነችኝ ማሽነኛዋ ናት። «ጥፋቱ የእኔ ነው እያሉ ነው» አለች ጮክ ብላ። እኔ ራሴን ነቀነቅኩ። «ዕቃ ሲበላሽብን እዚህ አቁመው ያዋርዱን ስለነበር ፈርተን ነው የደበቅነው እያሉ ነው» ብላ ቀጠለች። ይህን አላልኩም፣ ግን እውነት ነው፣ ነቀነቅኩ። ቦርሳ ስለሚፈተሽ ማውጫ አጥተን ወደ ላይ እንዳስገባነው፣ ባልዲው ውስጥ ውኃ የምንጨምረውም እሳቸው እንዳይጠራጠሩ መሆኑን እየነገሩዎት ነው አለች። ይህን ጭራሽ አላውቀውም ነበር፤ ነቀነቅኩ። ልጅቷ ሞቅ አላት። «ጎርፉም ውሸት ነው እያሉ ነው። ውሻውም።» የሆቴሉ ሰው የምን ውሻ እንደሆነ ግራ ገብቶት ወደኔ አየ። እዚህ ላይ ትንሽ አመነታሁ። ከዚያ ነቀነቅኩ።

አጣፊዋ ናት መጀመሪያ የሳቀችው። ሰውየው አልሳቀም፣ እጁ ላይ የቀረውን ሮዝ አንሶላ ግን ጫፍና ጫፉን ገጥሞ አጠፈው፤ የሙያው ሰው መሆኑን ያየሁት ያኔ ነው።

«ጨርቅ ነው፣ ይበላሻል» አለ። «እኔን የሚያስቸግረኝ መጥፋቱ ነው። የተበላሸውን በተበላሸበት ቀን እየነገራችሁ ከመለሳችሁልኝ አብረን እንሠራለን። አንድ ነገር ተደብቆ ካገኘሁ ግን አልመጣም።»

ወጥቶ ሄደ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደሚባለው ጋሼ በሩ ከተዘጋ በኋላ ነው የፎከሩት። ከእንግዲህ አንድ የተደበቀ መሐረብ እንኳ ቢገኝ ቤቱ እንደሚዘጋ፣ ቀድሜ የምወጣውም እኔ እንደምሆን ነገሩኝ። ትክክል ናቸው። የሁላችንም ጉሮሮ ከዚያን ቀን ጀምሮ የተንጠለጠለው ሆቴሉ ላይ ሳይሆን፣ እነዚህ ሴቶች እኔን መፍራት መተዋቸው ላይ ነበር። ያንን ደግሞ በትእዛዝ ማድረግ አይቻልም። «አትፍሩኝ!» ብዬ ጮህኩ እንዳልል ድምፁ የለኝም።

በቀጠሮዬ ቀን ሐኪሟ ጉሮሮዬን አይታ መብራቷን አጠፋች። ተናገሩ አይደል አለችኝ። ድምፄ እንደ ድሮው እንደማይመለስ፣ ከዚህ በኋላ የሚቀርልኝ ይህችው ሻካራ ትንፋሽ እንደሆነች፣ እሷንም በቁጠባ እንድጠቀምባት ነገረችኝ። ባሌ በዚህ ጊዜ ፊቱን ለማሳዘን አልታገለም። ቤት ገብተን ሬዲዮኑን ሊከፍት እጁን ሰደደና ተወው። «እስቲ በስሜ ጥሪኝ» አለኝ። ጠራሁት። እንደ ንፋስ ነው የወጣው። ወንበሩን ጎትቶ ጉልበቱ ጉልበቴን እስኪነካ ተጠጋና ድገሚው አለኝ። ዕድሜ ልኬን ከጓዳ ሆኜ ስጠራው ኖሬ ይህን ያህል ተጠግቶ የሰማኝ ያኔ ነው።

ሥራ ቤት ሳምንታት አለፉ። ኮርኒሱ በአዲስ ተተካ። የሚበላሽ ነገር አልታየም፣ እኔም ልክ እንደ ድሮው አልታየም ብዬ መኩራት አልቻልኩም፤ ፈራሁ። አናጺው የሠራውን እያየሁ፣ ቁም ሣጥን ሥር እያየሁ፣ ሴቶቹን ሳያዩኝ እያየሁ ሰነበትኩ። አለቅነት ሌላውን ማስፈራት ብቻ ሲሆን እንዴት ቀላል ሥራ ኖሯል።

አንድ ቀን ከምሳ በፊት ማሽነኛዋ በኮሪዶሩ መጣች። በሁለት እጇ የያዘችው የሆቴሉን አዲሱን፣ ወርቃማ ጠርዝ ያለውን የጠረጴዛ ልብስ ነው። አልጠቀለለችውም፣ ከሽርጧ ሥርም አልከተተችውም። በአጣፊዋና በተኳሿ ፊት አልፋ ቀጥ ብላ ወደኔ መጣችና ዘረጋችው። መሐሉ ላይ የሰው ራስ የሚያስገባ ቀዳዳ አለ። ከላውንደሪው ዕቃ ሁሉ እሱን መቅደድ!

ጩኸቱ ከሆዴ ሲነሳ ተሰማኝ። ደረቴን አለፈ፣ አንገቴ ድረስ መጣ። እዚያ ሲደርስ በር አጣ። ሰዎች መከራው ለወጣት፣ ትሑት አደረጋት ይላሉ፤ ጋሼም ይህንኑ እያወሩልኝ ነው። እኔ ተለወጥኩ አልልም። የተለወጠው ጉሮሮዬ ነው። የቀረችኝ ትንፋሽ የምትበቃው ለአጭር ጥያቄ ብቻ ነበር።

«እንዴት ሆነ?» አልኳት።

ስላልሰማችኝ ጎንበስ ብላ ጆሮዋን ወደ አፌ አስጠጋች። ደገምኩላት። ማድረቂያው ማሽን በሩ አካባቢ ሹል ብረት ወጥቶበታል፣ ትናንትም ፎጣ ይዞ ነበር፣ ዛሬ ካልተነገረ ነገ የሚቀደው የሰው እጅ ነው አለችኝ። ይህን ሁሉ ስትነግረኝ ዓይኔን ነው የምታየው፣ ደግሞም ማሽኑን ሳላስፈትሸው በመቅረቴ ትንሽ ተቆጥታኛለች።